መሪና ተቀባይ

አንጓች፣ ቀስ በይ፤ ሰው ቢሰበሰብም፣
በጭብጨባ ብዛት አውሮፕላን አይነሳም።
ከላህ ወንዝ ማዶ፣ ሣሩ እንደታጨደ፣
የፍኖተ ሰላም ገበያ በኛ በኩል ሄደ፤
ዶሮ ያቀፈ አለ፣ ጨው የተሸከመ፣
ጃንጥላ ዘርግቶ «ይብረር!» እያለ የቆመ።

ይበሉ።
አንቺ ግን ልጓሙን ከልብሽ አትፍቺ።
ክንፉ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነው፣
ጅራቱ የእንጅባራ ቀርከሃ፣
ሙጫው የኔ፣ ልኩ ያንቺ፤
ባትሪው ግን የማንም አይደለም።
እኩለ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነስተን፣
እንደ በሽተኛ አጠገቡ ተቀምጠን የሞላነው ባትሪ
ማን እንዳስታመመው አያውቅም፤
ሽቦ ሲነካው ይሮጣል እንጂ።

ይኸን አውራ ጣቴን ታያለሽ፣ ጥፍር የሌለውን?
ለደንበኛ ሁሉ «መጋዝ ነው» እላለሁ።
ራዲዮ ጠጋኝን ከመጋዝ ምን አገናኘው ያለኝ የለም።
ላንቺ ግን እውነቱን፦

ገና ጀማሪ ነኝ፤ ሰርግ ቤት ጠሩኝ፤
«ሙሽሮቹ ሳይሄዱ አሳየን» አሉኝ።
ሪሞቱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እኔ በሰው ፈዝዤ
ባትሪውን ሰካሁት አፍንጫውን ይዤ።
ተቀባዩ የሚያዘው ሲያጣ
ከአየር ላይ አንድ ነገር ሰማ፣
የጄኔሬተሩን ይሁን የድምፅ ማጉያውን እንጃ፣
ታዘዝኩ ብሎ ዞረ።
ውልብልቢቱን አላየሁትም።
ሲዞር አይታይም፤ የሚታየው ሲቆም ነው።
ቀይ ነጥብ ነጩ ድንኳን ላይ፤
ጣቴን በሚዜው መሐረብ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ያኔ ትዝ አሉኝ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣
ደብረ ኤልያስ ሳለሁ፣ ከቅኔ ቤት ሳልርቅ፤
ዜማ ሲያስጀምሩን፣ ድምፄ ተቻኩሎ
መሪው ሳይነሳ ተቀበለ ዘሎ።
አልተቆጡም፤ መቋሚያቸውን ዝቅ አርገው፣
«ልጄ፣ ያልተመራ ተቀባይ ምን ሰምቶ ነው የሚቀበለው?»

ስለዚህ መሪው ይቅደም።
ሪሞቱን ክፈቺ፤ አረንጓዴዋ ትብራ፤
የግራው ዘንግ ይውረድ፣ እስከ ታች፣ እስከ ሥሩ፤
መስኮቱ ላይ የዚህን አውሮፕላን ስም አንብቢ፣ የሌላውን አይደለም።
ነጠላሽ ይታሰር፣ ጸጉርሽ ይታሰር፤
ጅራቱን ሰው ይያዝልሽ፤
አንቺም ከኋላ ሁኚ፣ ከፊት ማንም አይኑር።
ባትሪው ያኔ ይሰካ።
ሁለት ጊዜ ጢጥ ይላል፤ «ሰማሁ» ማለቱ ነው።

ይኸን ሁሉ ልላት አፌን ስከፍት
አንጓች ቀድማኝ ነበር።
ባለ ጃንጥላው «ምን ትንፏቀቃለች? ይብረር እንጂ፣ ይብረር!»
ሲሉ፣ እሷ ባትሪውን ከሽቦው አርቃ
ሪሞቱን አየችና ቆመች ተጠንቅቃ።

ሽቅብ ነበር ዘንጉ።
ከሳጥን ሲወጣ ክዳኑ ገፍቶታል፣
ልክ እስከ ሙሉ ጉልበት።
አራት ልጆች ከፊት፣ ዶሮ ያቀፈው ሰውዬ ከፊት፣
የሁሉም ዓይን ሰማይ ላይ።
«ወደ ኋላ!» አለች፤ እያጉረመረሙ ዞሩ።
በአውራ ጣቷ፣ ጥፍር ባለው አውራ ጣቷ፣
ዘንጉን ቀስ አድርጋ አወረደችው።
በቃ። የሆነው ይኸው ነው።

ማንም አላጨበጨበ።
ላልደረሰ ነገር ማን ያጨበጭባል?
እልልታው ኋላ ነው፣ ከጤፉ በላይ ሲዞር፣
ጥላው በነዶው ላይ ሲሻገር።
የኔ እንባ ግን ቀድሞ ነበር።

ሲመለስ፣ ሆዱን ሣሩ ላይ ሲያሳርፍ፣
ልጆቹ ሮጡ። «ቁሙ!» አለች። ቆሙ።
አሁን በግልባጩ ነው፦
ተቀባዩ ቀድሞ ዝም ይላል፣ መሪው ኋላ።
ባትሪውን ነቀለች፤
ሪሞቱን አጠፋች፤
ከዚያ ነው የሳቀችው።

ዶሮ ያቀፈው ሰውዬ ጠጋ ብሎ፣
«ቅድም፣ ሳይነሳ፣ ምን እየጸለይሽ ነበር?» አላት።
«ዘንግ እያየሁ።»
ምንም አልገባውም።
የዶሮውን እግር ማሰሪያ ግን
አንዴ ጠበቅ አደረገው።